ሚስተር ቢን አዲ አርቃይ የገባ ጊዜ ተርጓሚው ለምን ሥራ ፈታ?



ሰሞኑን ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ፣ አሁን ኑሮውን ባሕር ማዶ ያደረገ፣ በሜሴንጀር አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ሚስተር ቢን ፈተና ላይ ተቀምጦ የጎረቤቱን ወረቀት ለማየት አንገቱን ሲያስረዝም። ከሥሩ እንዲህ ብሏል፦ «ቲቸር፣ ይቺን ስናይ ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው። ፊልሙ የመጣ ጊዜ ግን ለምንድን ነው ያልሳቅነው? ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሎ ነበር እኮ።»

መጀመሪያ ስቄ ተውኩት። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እውነቱን ነው፤ አልሳቅንም። ለምን እንዳልሳቅን ደግሞ ያኔ አላሰብኩበትም ነበር። እነሆ በ25 ዓመቴ መልስ ልሞክር። ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

አዲ አርቃይን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ተነስታችሁ ደባርቅን አልፋችሁ፣ ጣሊያን በገደሉ ላይ የጠረበውን የሊማሊሞን ጥምዝምዝ መንገድ ወርዳችሁ፣ ዛሪማን ስታልፉ የምታገኟት ከተማ ናት። ደጋው ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ትነሱና እዚያ ስትደርሱ ሙቀቱ ያስወልቃችኋል። ወደ ማይ ጸብሪና ወደ ተከዜ የሚወርደው መኪና ሁሉ በመሐሏ ያልፋል። በገበያ ቀን አማርኛውም ትግርኛውም እኩል ይሰማል፤ በአንዱ ቋንቋ ተጀምሮ በሌላው የሚያልቅ ክርክር ብርቅ አልነበረም። ይህን የምላችሁ ኋላ ስለምፈልገው ነው።

ቪዲዮ ቤቱ የድሮ ጠላ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ ከግንድ የተሠራ አግዳሚ፣ አንዲት ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ፤ ከጓሮ ደግሞ የሚያጓራ ጀነሬተር። ለልጅ 50 ሳንቲም፣ ለአዋቂ 1 ብር። የሚታየው ወይ የህንድ ነው፣ ወይ ካራቴ ነው፣ ወይ ራምቦ ነው። እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ስለሆንኩ እዚያ መታየት አልነበረብኝም፤ ግን ከመሸ በኋላ ከበሩ ጀርባ ቆሜ አይ ነበር። ተማሪዎቼም አይተውኝ እንዳላዩ ያልፋሉ። እግዜር ይስጣቸው።

የቤቱ ዋና ሰው ባለቤቱም አልነበረም፤ ተርጓሚው ነበር። በአሥራዎቹ መጨረሻ ያለ ቀጭን ልጅ። ቀጭን ዱላ ይይዝና ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ፊልሙን ይተረጉማል። «አሁን ይቺ የዚያ የክፉው ሰውዬ እኅት ናት፤ እሱ ግን አያውቅም።» «እናቱ ስታለቅስ ምን አለችው? ደም አትቃባ ልጄ አለችው።» ህንድኛ ቅንጣት አያውቅም። እንግሊዝኛውን ደግሞ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፤ ስለዚህ ልኩን አውቃለሁ። ግን ሲተረጉም ሰው ያለቅሳል። አንድ ፊልም ሁለት ቀን ቢያሳዩ በሁለተኛው ቀን ታሪኩ ሌላ ነው፤ ሰውም ለዚያ ሲል ተመልሶ ይገባል።

ከዚያ አንድ ቀን ባለቤቱ ከጎንደር የሚስተር ቢንን ካሴት ይዞ መጣ። ተርጓሚው እንደ ልማዱ ዱላውን ይዞ ቆመ። «አሁን ይሄ ሰውዬ...» ብሎ ጀመረ። ሰውዬው ፈተና ሊፈተን ገብቷል። እስክሪብቶዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል፤ ትንንሽ አሻንጉሊቶችም ያስቀምጣል። ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ ነው። ፖስታውን ሲከፍት የወጣለት ካልኩለስ ነው። ፊቱ ሲገረጣ፣ ወደ ጎን ሲያይ፣ የጎረቤቱን ወረቀት እፍ ብሎ ሊገልጥ ሲታገል፣ ኋላም ሲነፋረቅ... ተርጓሚው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ሦስተኛውን አልጨረሰም። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መሬት ተቀመጠና ከልጆቹ ጋር መሳቅ ጀመረ። በመጨረሻ፣ ሰዓቱ አልቆ ወረቀት ሲሰበሰብ፣ ቢን ያጠናው ፈተናም እዚያው ፖስታ ውስጥ እንደነበረ ሲያገኘው፣ አንዲት የገበያ እንግዳ እናት «ወይ የኔ ልጅ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። እሳቸው ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ከእኔ ፊት ደግሞ ማትሪክ የወደቁ ሁለት ልጆች ከሁሉም በላይ ይስቁ ነበር።

ያን ማታ ተርጓሚ አላስፈለገም። ከተከዜ ወዲህ ያለውም ወዲያ ያለውም፣ ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ እኩል ቦታ ላይ ሳቀ።

እኔ ያኔ ያላወቅኩት ነገር፣ ይህ እንዲሁ የተገኘ ዕድል ሳይሆን ሰዎቹ አስበው ያደረጉት መሆኑን ነው። ሮዋን አትኪንሰን ኦክስፎርድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ማስተርሱን ሲሠራ ነው ይህን ሰውዬ በመድረክ ላይ መሞከር የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1987 ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ ትልቅ የኮሜዲ ፌስቲቫል ነበር። አዘጋጆቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሚቀርቡበት መድረክ ሊያቀርቡት ሲሉ፣ አይ፣ በፈረንሳይኛው መርሐ ግብር ላይ አስገቡኝ አለ። ግራ ገባቸው። በፈረንሳይኛ የሚናገረው ቀልድ የለውማ! እሱ ግን የፈለገው ቋንቋውን የማያውቅ ሕዝብ ይስቅ እንደሆነ ማየት ነበር። የእኛን ቪዲዮ ቤት የመሰለ ነገር ሞንትሪያል ላይ ሠርቶ ሞከረው ማለት ነው።

ስሙም ቢሆን እስከ መጨረሻው አልተወሰነም ነበር፤ ሌሎች የአትክልት ስሞችም ታስበው ነበር፣ አበባ ጎመንን ጨምሮ። በአማርኛ ብንወስደው «አቶ ባቄላ» ነው እንግዲህ። አቶ አበባ ጎመን ሳይሆን በመቅረቱ ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ያው የፈተናው፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በአይቲቪ ጣቢያ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1990 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1982። ለደርግ ከአንድ ዓመት ከአምስት ወር የበለጠ ዕድሜ አልቀረውም፤ በእኛ በኩል በሰሜን የነበረውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እነሱ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት እያከበሩ ሲስቁ እኛ ሌላ ነገር እንጠብቅ ነበር። ለማንኛውም፣ ሁሉም ተደምሮ 15 ክፍል ብቻ ነው የተሠራው። ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ 15 ክፍል! አንድ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ትጨርሱታላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይነገራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ካሴት ላይ የሚስቅ ሕዝብ ነበር። ጀርባ ላይ የሚሰማው ሳቅ። ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች ቁጭ ይላል፤ ውጭ የተቀረጸው ክፍል ደግሞ ለእነሱ ይታይና ሳቃቸው ይቀዳል። ስለዚህ ተዋናዩም ሆነ አቀናባሪው ሳቁ የት እንደሚያርፍ ያውቃሉ፤ ሳቁ እስኪበርድ ቆም ይላሉ። በእኛ ቪዲዮ ቤት የለንደን ሰው ሳቅና የአዲ አርቃይ ሰው ሳቅ ተደባልቆ ነበር የሚሰማው፤ የጀነሬተሩ ድምፅ እንኳ አይሰማም ነበር።

ፊልሙ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። «ቢን» ይባላል፤ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1997፣ በእኛ በ1989 መጨረሻ፣ ዳይሬክተሩ ሜል ስሚዝ፣ ጸሐፊዎቹ ሪቻርድ ከርቲስና ሮቢን ድሪስኮል። ባለቤቱ ዋጋውን 1 ብር ከ50 አደረገው። ከበር ውጭ ሳይቀር ሰው ቆመ።

ጀመረ። ሰዎች ያወራሉ። ስብሰባ ነው፤ ክራባት ያሰሩ ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ሚስተር ቢን የለንደን የሥዕል ሙዚየም ጠባቂ ነው፤ ሊያባርሩት ፈልገው አልቻሉም፤ ስለዚህ «ዶክተር ቢን» ብለው፣ የሥዕል ሊቅ አስመስለው ወደ አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ይልኩታል። እዚያ አንድ ጄኔራል በ50 ሚሊዮን ዶላር ሥዕል ገዝቶ ለሙዚየም ሰጥቷል፤ ሥዕሉ ዊስለር የሚባለው ሠዓሊ የእናቱን ምስል የሣለበት ነው። እውነተኛ ሥዕል ነው፣ እ.ኤ.አ. 1871 የተሣለ፤ ዋናው ያለው ፓሪስ ነው። ቢን የሚያርፍበት ቤት ደግሞ ባል አለ፣ ሚስት አለች፣ የሚጣሉ ልጆች አሉ፤ ትዳሩ ሊፈርስ ነው። ሁሉም ያወራል። አስነጥሶ ንፍጡን ሥዕሉ ላይ እስኪረጭ ድረስ እኛ ሰዓት ሙሉ የጠበቅን መሰለን።

ተርጓሚው ዱላውን እንደገና አነሣ። ምን ያድርግ? ቋንቋው አልገባውም። እኔን ከበሩ ጀርባ አየኝ፤ እኔም እውነቱን ልናገር፣ ፈረንጆቹ በዚያ ፍጥነት የሚናገሩት ግማሹ አልገባኝም ነበር። (ይህን የምታነቡ ተማሪዎቼ ነጥባችሁን እንድጨምርላችሁ እንዳትጠይቁኝ።) ስለዚህ ፈጠረ። ሥዕሏ ላይ ያለችው የእንግሊዝ ንግሥት እናት ናት አለ። ጄኔራሉ የንግሥቲቱ ጠላት ነው አለ። ሰው ግን አልያዘለትም፤ በህንድ ፊልም የሚሠራለት በቢን ላይ አልሠራለትም፤ ቢንን ሰው ያለ ተርጓሚ አውቆታልና። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዝም በል፤ ሰውዬውን እንየው» አሉት።

የሳቅነው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ያ ማስነጠስ ነው፦ በመሐረቡ ሊጠርግ ሲል መሐረቡ ቀለም ነክቶታል፤ ቀለሙን ሊያስለቅቅ ማሟሟቻ ሲቀባበት የአሮጊቷ ፊት ቀልጦ ይጠፋል፤ እሱም በእስክሪብቶ የልጅ ሥዕል የመሰለ ፊት ይሠራላታል። ሁለተኛው፣ ሌሊት ሙዚየሙ ገብቶ ዘበኛውን የሚያስቀምጥ መድኃኒት አጠጥቶ፣ ፖስተር አምጥቶ በእንቁላል አስኳል ዙሪያ ባለው ነጩ ቀብቶ ሲሰቅለው ነው። ሁለቱም ላይ የሚወራ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሌላውን ሁሉ ዝም። የለንደኑ ተመልካች ሳቅም የለም፤ ፊልም ላይ አይቀዳማ። ለመጀመሪያ ጊዜ የጀነሬተሩን ድምፅ ሰማን።

ይኸውልህ ልጄ፣ መልሱ ግማሹ ይሄ ነው። ግን የሚስተር ቢን ብቻ ጥፋት አይደለም፤ በእንግሊዝ ይህ የቆየ ችግር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980 ድረስ እንግሊዞች የቴሌቪዥን ኮሜዲያቸውን እየወሰዱ ፊልም የማድረግ ወረርሽኝ ገብቶባቸው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእንግሊዝን ሲኒማ ሲደጉም የነበረው የአሜሪካ ገንዘብ ሸሸ፤ ሰው ደግሞ ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። ታዲያ ቤቱ ያለውን ሰው ወደ ሲኒማ ለማውጣት፣ ቤቱ የሚያየውን ሰውዬ ሲኒማ ላይ ማስቀመጥ ነው። ቴሌቪዥኑ ገና ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም እየተሸጋገረ ስለነበር ቀለሙም ይስባል። የድራኩላ ፊልሞችን ሲሠራ የኖረው ሐመር የሚባለው ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1971 የአውቶቡስ ሹፌርና ረዳት ኮሜዲን ፊልም አድርጎ፣ በዚያ ዓመት እንግሊዝ አገር ብዙ ገንዘብ ካስገቡ ፊልሞች መሐል ገባ። በዚያው ዓመት ስለ ሽማግሌ የአገር ዘበኞች የሚያወራው «ዳድስ አርሚ» ተከተለ፤ በ1972 ደግሞ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አባትና ልጅ፣ «ስቴፕቶ ኤንድ ሰን»።

ገንዘቡ መጣ፤ ሳቁ ግን እንደ ቴሌቪዥኑ አልሆነም። ለምን? ሲትኮም የሚያስቀው ሰዎቹ መውጣት የማይችሉበት ቦታ ስላለ ነው። አባትና ልጁ ከዕቃ ክምራቸው መሐል ተጣልተው ተጣልተው በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ናቸው። የእኛን «ቤቶች» አስቡት፤ ስሙ ራሱ ይናገራል እኮ። ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ እንደገና ይጀመራል። ፊልም ግን ተመልካቹን አንድ ሰዓት ተኩል ይዞ ማቆየት አለበት፤ ታሪኩም መጀመሪያና መጨረሻ ይፈልጋል። ታዲያ ጸሐፊዎቹ ሲጨንቃቸው ምን አደረጉ? ሰዎቹን ለዕረፍት ላኳቸው! የአውቶቡሶቹን ሰዎች በ1973 መዝናኛ ካምፕ ላኳቸው። ልብስ መደብር ውስጥ የሚሠሩትን በ1977 ስፔን ላኳቸው። ይሄ ነገር እስከ 2011 አልለቀቃቸውም፤ «ኢንቢትዊነርስ» የሚባሉትን ጎረምሶች የግሪክ ደሴት ላኳቸው። ቢንን ሎስ አንጀለስ ላኩት። አንድም ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ፣ ያሳቀን ነገር ቤት ይቀራል።

እኔ ካየኋቸው ይህን የተረዳው «ፖሪጅ» የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው የእስር ቤት ኮሜዲ ነው። ፊልም ስለሆነ እስረኛው ማምለጥ አለበት አይደል? ያመልጣል፤ ግን ሳይፈልግ ነው የሚያመልጠው። የቀረው ፊልም ሰውዬው ማንም ሳያየው ተመልሶ እስር ቤት ለመግባት የሚያደርገው ጣር ነው። በጣም ጎበዝ ሰዎች ናቸው።

ወደ ቢን ስመለስ አንድ የገረመኝን ላውጋችሁ። የዚያን ፊልም ጸሐፊዎች ታሪክ ሲጠፋቸው የት ሄዱ መሰላችሁ? በአውሮፓ ካሉት የቀልድ ተረቶች አሮጌው ጋ። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ «ዶክተር» የተባለው ቢን ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና ዶክተር ይመስላቸውና ቀዶ ሕክምና ክፍል ያስገቡታል፤ እሱም ከቆሰለው ፖሊስ ጥይቱን ያወጣል! ይህን የት ሰማሁት አልኩ። የሞልየር ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ ያለፈው ቀልድ፦ እንጨት ፈላጩን በግድ ሐኪም ነህ ብለው ሕመምተኛ ያስፈውሱታል። ይህንኑ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ በአማርኛ አስገብቶልናል። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ያለው ቀልድ አዲስ አበባ መድረክ ላይ የእኛ አባቶች ቀድመው የሳቁበት ነው። ልዩነቱ፣ ጸጋዬ ሰዎቹን በአማርኛ አናገራቸው፤ ስለዚህ ቀልዱ መሬት ነካ። የእኛ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ግን ያን የሚያደርግ ጸጋዬ አልነበረም፤ ዱላ የያዘ ልጅ ነበር።

እኛ ደግሞ፣ ጎንደሬ ይሰማኛል፣ ሳቃችን በአፍ ነው። ቅኔው በአፍ ነው፣ አዝማሪው በአፍ ነው፣ ጠጅ ቤት ያለው ነገረኛ ሰም ለብሶ ወርቅ የሚጥለው በአፍ ነው። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ቶምሰን በተባለ የእንግሊዝ ድርጅት እገዛ አዲስ አበባ ሲከፈት፣ ኋላም የበዓል ዝግጅት ሲመጣ፣ ኮሜዲ ያልነው ነገር ሁለት ሰው ቆሞ የሚነጋገረው ነው። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ ምን አደረጉ? ተነጋገሩ። ያሳቀን ንግግሩ፣ የቃሉ አጣጣል፣ ዝም የሚሉበት ቦታ ነው። ያንን ለሞንትሪያል ሰው ብታሳየው ከሰማይ የወረደ አይገባውም። ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም፤ እንዲያውም ቢን አዲ አርቃይ ሲገባ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደነበረ ለማሳየት ነው። አፍ የሌለው ቀልድ ነበር።

ታዲያ ፊልሙ አፍ ሰጠው። መጨረሻ አካባቢ ቢን በሊቃውንት ፊት ስለ ሥዕሉ ንግግር ያደርጋል! ፈረንጆቹ ይወዱታል ያን ንግግር፤ እኔም ኋላ ከነትርጉሙ ሳየው ጥሩ ነው፤ ሥዕሉ ትልቅ መሆኑን ያመሰግናል፣ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ይላል። ደግሞም ፊልሙ ከሠረ ብዬ እንዳልዋሽ፦ በ18 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር አስገብቷል። የእኛ 1 ብር ከ50 አልተቆጠረችም።

ሰዎቹ ግን የሰሙ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2007፣ እኛ ሁለተኛውን ሚሊኒየም ልንሸኝ ስንዘጋጅ፣ ሁለተኛውን ፊልም ሠሩ። ያው ለዕረፍት ነው የላኩት፤ በቤተ ክርስቲያን ዕጣ አሸንፎ ወደ ፈረንሳይ፣ ካን። አሁን ግን አፉን መልሰው ዘጉበት። ያገኘው ልጅ የሩሲያ ልጅ ነው፣ ሩሲያኛ ነው የሚናገረው፤ ሌላው ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ቢን ደግሞ የሚያውቃት ቃል ከእጅ ጣት አትበልጥም። መስማማት አለመቻሉ ራሱ ቀልዱ ሆነ። ስሙንም ከአሮጌው ፈረንሳዊ ከዣክ ታቲ የ1953 የዕረፍት ፊልም ነው ያስጠጉት፤ አትኪንሰንም የታቲን ውለታ ሸሽጎ አያውቅም። በለንደን ኦሎምፒክ መክፈቻ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2004፣ ኦርኬስትራ መሐል ቁጭ ብሎ አንዲት ኖታ ብቻ እየጠቀጠቀ ከሯጮች ጋር የሚሮጥበትን ሕልም ሲያልም ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከሳምንት በኋላ ጥሩነሽ 10 ሺሕውን ስላሸነፈች እኛ ያን ዝግጅት የምናስታውሰው በእሷ ነው።

የ2007ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ግን ቁጭ ብዬ የቀረሁበት ነገር አለ። ካን ውስጥ አንድ ራሱን የሚያከብር ዳይሬክተር ፊልሙን ያሳያል፤ ዳይሬክተሩ ራሱ በድምፁ ይተርካል፤ ሰው ያንቀላፋል። ቢን ማሽን ክፍል ይገባና በመንገድ ላይ በካሜራው የቀረጸውን የራሱን ቪዲዮ ይሰካበታል። ትረካው የዳይሬክተሩ፣ ምስሉ የቢን። ሁለቱ ምንም አይገናኙም፤ ግን ልክ ይመጣሉ። አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። እኔ ወዲያው ያ ልጅ፣ ዱላ የያዘው፣ ትዝ አለኝ። ሥራው ይሄ ነበር እኮ!

ያንን ልጅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በ2013 ክረምት ነው። አሁን ልጅ አይደለም፣ የሦስት ልጆች አባት ነው። ጦርነቱ አዲ አርቃይ ሲደርስ ብዙዎቻችን ሊማሊሞን በእግር ወጥተን ደባርቅ ነበር የተጠለልነው። እኛ የደረሰን የትምህርት ቤት ክፍል ነበር፤ ዴስኮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተው ቤተሰብ በቤተሰብ መሬት ላይ ተነጥፏል። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፣ ብርዱ የቆላ ሰው አይችለውም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ያልጠፋ የሒሳብ ጥያቄ ነበር።

አንድ ማታ ስልኩ ላይ ቢን ነበረው። ልጆቹ ዙሪያውን ተጠመጠሙ። መጀመሪያ የፈተናዋን አሳያቸው፤ ያ ክፍል ሳቀ፤ ከጥግ የተኛው ሁሉ ቀና አለ። ከዚያ ፊልሙን፣ ያንን ያልሳቅንበትን፣ ከፈተው። ስብሰባው መጣ፤ ክራባት ያሰሩት ሰዎች ማውራት ጀመሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ «ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?» አለችው።

ወደ እኔ አየ፤ እኔም ሳቅ አልኩ። ስልኩን ዴስክ ላይ አስደግፎ ጎኑ ቆመ።

«ይቺ ሥዕሏ ላይ ያለችው አሮጊት» አለ፣ «የሰውዬው እናት ናት። ከአገሩ ሲወጣ ሌላ ምንም አልያዘም፤ የእሷን ሥዕል ብቻ ነው ተሸክሞ የወጣው። አሁን አደራ ሊያስቀምጣት ቦታ እየፈለገ ነው።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዎቹ ሲያወሩ፣ አውሮፕላኑ ሲነሳ፣ ባልና ሚስቱ ሲጨቃጨቁ ማንም አልተነቃነቀም። ቢን ብቻውን ከሥዕሉ ፊት ቀርቦ አፍንጫው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ያቺ ልጅ በሁለት እጇ አፏን ያዘች፤ «እንዳታስነጥስ!» አለች። አስነጠሰ። ከሳቁ ብዛት ከጎረቤት ክፍል ያሉት ምን ሆናችሁ ብለው መጡ።

ፊቷን ስትቀልጥ ሳናይ የስልኩ ባትሪ አለቀ። የቀረውን በቃሉ ጨረሰላቸው።